ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ፦ ክለባችን አሰልጣኝ የሚቀጥረው እንዴት ነው?

አፈተኢሳ በር (ውይይቱን የከፈተ)

ሐሙስ ማታ ሰምታችኋል። አሰልጣኙ ተሰናብቷል። ዘጠኝ ጨዋታ፣ አንድ ድል፣ ሦስት አቻ። ከሱ በፊት የነበረውም ዓመቱን አልጨረሰም። ከዚያ በፊት የነበረው ግንቦት ላይ ነው የሄደው፣ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ትቶን።

የክለቡን ስም አልጽፍም። እዚህ የምንገናኝ ሰዎች ለየትኛው ማልያ እንደምንጮህ እንተዋወቃለን። ትንሽ ክለብ ነን። ድሬ ውስጥ እንኳ የማያውቁን አሉ።

ይህን የምጽፈው አሰልጣኙን ለመከላከል አይደለም። እሱም ጥፋት ነበረበት። እኔን የሚያንገበግበኝ የቀጠርንበት መንገድ ነው። ያን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚራ ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከክለቡ ጽሕፈት ቤት ብዙ አትርቅም። ነሐሴ ላይ የተጫዋቾች ውል እየመጣ ኮፒ ይደረግ ነበር። አንድ ቀን ሦስት ይመጣል፣ አንድ ቀን አምስት። ውስጡን አላነብም፣ የሰው ገንዘብ ነው። ብዛቱን ግን አውቃለሁ። ጳጉሜ ላይ ደግሞ አንድ የክለቡ ሠራተኛ ከሰዓት አስር ሰዓት ላይ እየሮጠ መጣ። የአሰልጣኙን መታወቂያና የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ይዟል። «ቶሎ በልልኝ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይፈርማል» አለኝ። ሲቪውስ አልኩት። «ምን ያደርጋል? ስሙ ይታወቃል» አለኝ። ሁለት ወረቀት በሦስት ሦስት ኮፒ ሰጠሁት፣ ሄደ።

ያኔ ልብ አላልኩትም። ሐሙስ ዜናውን ስሰማ ነው ትዝ ያለኝ። ተጫዋቾቹ በሙሉ በኔ ማሽን ካለፉ በኋላ ነው የአሰልጣኙ ወረቀት የመጣው። ማን መረጣቸው ታዲያ? ቡድን መሪው? ደላላው? አሰልጣኙ የመጣው ሌላ ሰው የገዛውን አስቤዛ ተቀብሎ ወጥ ሊሠራ ነው።

መስከረም ላይ ልምምድ ላይ ሄድኩ። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል ነው፣ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም። ሰውየው ማስታወሻ ደብተር በእጁ ይዞ መሃል ሜዳ ቆሟል። «ቢጫ ካልሲ! ወደ ኋላ!» ይላል። «አንተ ረጅሙ!» ይላል። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ የልጆቹን ስም አያውቅም። በሱ አልፈርድም። በምን ጊዜ ይወቅ?

እኔም ስሙ የተነገረ ቀን ተደስቻለሁ። ፎቶውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በምን ዓይነት ኳስ፣ በየትኞቹ ልጆች፣ ለምን ግብ ብዬ አልጠየቅኩም። እናንተም አልጠየቃችሁም። አሁን ደግሞ አዲስ ስም እየተወራ ነው። ስሙን ከመስማታችን በፊት ዕቅዱን እንጠይቅ ነው የምለው።

ሳቢያን 04

ወንድሜ ጽሑፍህ ጥሩ ነው። ግን አቦ እኛም ሰው ነን። ዘጠኙንም ጨዋታ ገብቻለሁ። ሦስቱ ከድሬ ውጪ ነበር፣ በራሴ ትራንስፖርት ነው የሄድኩት። ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አንጥፌ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰውየው 2 ለ 0 እየተመራን ተከላካይ ቀይሮ ተከላካይ ያስገባል። ይኼ የቦርድ ጥፋት ነው? ይኼ የደላላ ጥፋት ነው?

አሰልጣኝ ለውጤት ነው የሚከፈለው። ስም አላወቀም ትላለህ። እሺ ይሁን። በዘጠነኛው ሳምንትስ? በዘጠነኛውም ሳምንት አሥሩ ቁጥር የት እንደሚጫወት የገባው ሰው ስታዲየም ውስጥ አልነበረም። ልጁ ራሱም አልገባውም። ሁሌ ዕቅድ ዕቅድ እየተባለ ወርደን እንዳንቀር።

የሸማኔው ልጅ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁንም አነበብኩ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አሁን ስታዲየም የምሄደው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ይህ ከተማ ከኳስ የሚጠብቀው ነገር ከየት እንደመጣ ብታውቁ ጥሩ ነው።

አባቴ ጥጥ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ነው የሠራው። የፋብሪካው ቡድን ኮተን እ.ኤ.አ በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ሲካሄድ አክራ ላይ ከደረሱት የመጨረሻ አራት ክለቦች አንዱ ኮተን ነው። እዚያ በማሊው ስታድ ማሊየን ተሸንፎ ተመለሰ። አስቡት፣ ከድሬዳዋ የተነሣ የፋብሪካ ቡድን! በ1968 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫ አገራችን ሲመጣ ደግሞ አንዱ ምድብ እዚሁ ነበር። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ)። ሞሮኮ ያን ዓመት ዋንጫውን ወሰደች። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ አሳይቶኛል።

እንግዲህ በዚህ ያደገ ሰው ማንኛውንም የድሬ ቡድን ሲያይ ኮተንን ይፈልጋል። ልጁም ከአባቱ ሰምቶ ይፈልጋል። የእናንተ ክለብ ግን ኮተን አይደለም። እንዲሆን መጠበቅም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደግሞ ሁላችሁ ዋንጫውን ነው የምታወሩት። አባቴ የሚያወራው ሌላ ነበር። ልጆቹ አብረው ይውላሉ ይል ነበር። አንዱ ሲታመም ሌላው ቤቱ ይሄዳል። ዓመት ከዓመት ያው ፊት ነው የሚታየው። ተመልካቹ የመስመር ተጫዋቹ ኳሱን ገና ሳይነካው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ያ በዓመት ሁለት አሰልጣኝ በመቀየር አይመጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

አፈተኢሳ በር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ትከሻ ላይ ሆነው ያዩትን ሌላ ጊዜ ለብቻው ይጻፉልን።

ሳቢያን፣ ቅያሪው ላይ አልከራከርህም፣ እኔም ያን ቀን ተናድጄ ነው የወጣሁት። ግን ልብ በል፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ስንት አጥቂ ነበር? አንድ። እሱም ጉልበቱን ታሞ ነበር።

የሰፈር አሰልጣኝ

ከ17 ዓመት በታች ልጆችን ነው የማሰለጥነው። ሲ ላይሰንስ አለኝ። ትልቅ ቡድን ይዤ ስለማላውቅ ብዙ ማውራት አልፈልግም። ሜዳውን በተራ ስለምንጠቀም ግን የዚህን ሰውዬ ልምምድ ከመስከረም ጀምሮ አይቻለሁ። የማውቀውን ልናገር።

ሰውየው መጥፎ አሰልጣኝ አይደለም። ሥራውን ይወዳል። ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፣ ኮኖቹን ራሱ ይደረድራል። የሚፈልገው ኳስ ግን ሲነጠቅ ወዲያው ፊት ላይ የሚጫን፣ ተጋጣሚን በራሱ ሜዳ የሚያፍን ነው። ደጋ ላይ በዚህ ኳስ ጥሩ ቡድን ሠርቷል። ስሙ የታወቀውም በዚሁ ነው።

ድሬ ደጋ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን ሰዓት ሜዳው ላይ የቆመ ሰው ሙቀቱ ከታችም ከላይም እንደሚመጣ ያውቃል። በዚህ ሰዓት ዘጠና ደቂቃ ሙሉ መጫን የሚችል ቡድን ካለ ወይ በጣም ወጣት ነው፣ ወይ በጣም የተዘጋጀ ነው። የእኛ ሁለቱም አይደለም። አጥቂ ተብለው የፈረሙት ሁለቱ ልጆች ልምድ አላቸው፣ ሩጫ ግን አልቆባቸዋል። ዝግጅቱም ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ስድስት ሳምንት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እግራቸው ይለምድ ነበር።

ምን ሆነ? እስከ ስልሳኛው ደቂቃ ድረስ ቆንጆ እንጫወታለን። ከዚያ አማካዮቹ ወደ ፊት ሄደው መመለስ ያቅታቸዋል። ተከላካዮቹ ፈርተው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። መሃሉ ባዶ ይሆናል። የተቆጠሩብንን ጎሎች አንድ በአንድ ጽፌያለሁ፣ አብዛኞቹ ከ65ኛው ደቂቃ በኋላ የገቡ ናቸው። ሳቢያን ያየኸው ቅያሪ ከዚህ የመጣ ነው። ሰውየው ቀዳዳ እየደፈነ ነበር። ቀዳዳው ግን ተከላካይ ጋ አልነበረም።

ይህን ለማወቅ ዘጠኝ ጨዋታ አያስፈልግም ነበር። የቀጠሩት ሰዎች አንድ ቀን አስቀምጠው «እነዚህን ልጆች ይዘህ፣ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ፣ እንዴት ትጫወታለህ?» ቢሉት ኖሮ ይታወቅ ነበር። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ምናልባት እሱ ራሱ «እነዚህ ለኔ አይሆኑም» ብሎ ይሄድ ነበር። ወይም ሌላ ኳስ ያስብ ነበር። ላይሰንሱን ብቻ ነው ያዩት። ላይሰንስ መንጃ ፈቃድ ነው። መንዳት እንደምትችል እንጂ መንገዱን እንደምታውቅ አይናገርም።

ሌላም አለ። ምክትሉን እሱ አልመረጠውም። ተቀምጦ የጠበቀው ሰው ነው። ሁለቱ ሲነጋገሩ ያየሁት ጥቂት ቀን ነው። ምክትሉ ልጆቹን ከተስፋ ቡድን፣ ከወጣቶቹ ቡድን ጀምሮ ያውቃቸዋል። ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ ሁሉ ያውቃል። ግን ማንም አልጠየቀውም።

ነምበር ዋን

ገንዘቡንም አንርሳ። እኔ በሒሳብ ሥራ ነው የምተዳደረው፣ ስለዚህ ዓይኔ እዚያ ነው የሚሄደው።

አሰልጣኝ ስታባርር ውሉ አብሮ አይባረርም። ተስማምታችሁ ካልተለያያችሁ ቀሪውን ይጠይቃል፣ መብቱ ነው። ካልከፈልከው ፌዴሬሽን ይሄዳል። ተፈርዶብህ ካልከፈልክ ተጫዋች እንዳታስመዘግብ ትታገዳለህ። ይህ በአገራችን ክለቦች ላይ ስንት ጊዜ እንደደረሰ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አንድ አሰልጣኝ ሜዳ ላይ አለህ፣ አንድ አሰልጣኝ ደግሞ ሒሳብ ክፍል አለህ። ሁለቱም ይከፈላቸዋል።

ያ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከትኬት አይመጣም። የኛ ስታዲየም ገቢ ለኳስና ለውሃ እንኳ አይበቃም። የሚመጣው ከበጀት ነው። ከበጀት ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው የተስፋ ቡድኑ ነው። ጫማ አልተገዛም፣ የትራንስፖርት አልተሰጠም ሲባል ትሰማላችሁ። ያ ጫማ ሒሳብ ክፍል ያለው አሰልጣኝ ጋ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኗል ነገሩ። የሚጠየቀው ቀጣሪው ነው፣ የሚመታው ግን ሁሌ የተቀጠረው ነው።

መጋላ ውስጥ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። ቦርዱ ውስጥ ዘመድ አለኝ፣ ቀድሜ ልናገር።

እነዚያ ሰዎች ሌላ ሥራ አላቸው። ለዚህ ደመወዝ አይቀበሉም። የሚሰበሰቡት ማታ ነው፣ ደክሟቸው። ተሳስተዋል? አዎ። ቸኩለዋል፣ ተጫዋቹን ቀድመው ማስፈረማቸውም ልክ አይደለም። ግን ለምን ስም ያለው ሰው እንደሚፈልጉ ታውቃላችሁ? እናንተን ፈርተው ነው።

አምና ክረምት ምክትሉን እናሳድገው፣ ከተስፋ ቡድን ስድስት ልጅ እናውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ወሬው ወጣ። እዚሁ መድረክ ላይ ምን ተጻፈ? «ለሰፈር ውድድር ነው ወይ የምንዘጋጀው?» «ትንሽ ያሰበ ትንሽ ሆኖ ይቀራል» ተባለ። አንዱ እንዲያውም የምክትሉን ቤተሰብ ጨምሮ ሰደበ። ዘመዴ ስልኩን አሳየኝ፣ ያን ገጽ እያነበበ ነበር። በሳምንቱ ሐሳቡ ተተወ፣ ስም ፍለጋ ተጀመረ።

ይህን የምላችሁ ቦርዱን ነፃ ለማውጣት አይደለም። የሚጮኸውን ሁሉ እየሰማ ውሳኔ የሚቀይር ሰው ኃላፊነት ላይ መቀመጥ የለበትም። ግን እኛም የጻፍነው ነገር ሰው ጋ ይደርሳል።

ሳቢያን 04

«ለሰፈር ውድድር ነው ወይ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቤተሰብ የሰደብኩት ግን እኔ አይደለሁም፣ ወላሂ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። በስሜት ነው የጻፍኩት። ሐሳቡ እውነት በቦርድ ደረጃ እንደነበረ አላውቅም ነበር፣ ወሬ ነው ብዬ ነው።

ግቢ ተማሪ

አሰልጣኝ መቀየር ውጤት ያመጣል ወይ ለሚለው ጥናት አለ። በኔዘርላንድስ ሊግ እ.ኤ.አ ከ1986 እስከ 2004 ያለውን ጊዜ ያየ ነው። አሰልጣኝ የቀየሩ ቡድኖች ከቀየሩ በኋላ ተሻሽለዋል። ችግሩ ምንድን ነው፣ በተመሳሳይ መጥፎ ውጤት ላይ ሆነው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩ ቡድኖችም እኩል ተሻሽለዋል። ማለት መጥፎ ጊዜ ራሱ ያልፋል። የተከፈለው ካሳ ትርፍ ወጪ ነው።

ሁሉም ሰው የማንቸስተር ዩናይትዱን ፈርጉሰንን እያነሣ ታገሱ ይላል። እኔ ትንሽ ክለብ ካነሣን የእንግሊዙን ብሬንትፎርድን ነው የማነሣው። እ.ኤ.አ በ2018 ጥቅምት ላይ ዋና አሰልጣኙ ዲን ስሚዝ ወደ አስቶን ቪላ ሄደ። ክለቡ ምክትሉን ቶማስ ፍራንክን አሳደገ። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች ስምንቱን ተሸነፈ። ስምንቱን! እኛ ጋ ቢሆን በአራተኛው ይሄድ ነበር። እነሱ አቆዩት። በ2021 ፕሪሚየር ሊግ አስገባቸው። ክለቡ በእንግሊዝ ትልቁ ሊግ ላይ ሲጫወት ከ74 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። በ2025 እሱ ወደ ቶተንሃም ሲሄድም ያደረጉት ያንኑ ነው፤ ከውስጥ የነበረውን ኪት አንድሪውስን አሳደጉ።

ያቆዩት ስለሚወዱት ብቻ አይደለም። ምን ዓይነት ኳስ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ተጫዋች የሚገዙት ለዚያ ነው፣ አሰልጣኝ የሚመርጡትም ለዚያ ነው። ስለዚህ ሲሸነፍ የሚያዩት ሥራውን ነው፤ ሠንጠረዡን ብቻ አይደለም።

አርሴናል ድሬ

የአርሴናሉ አሰልጣኝ አርቴታም አለ። ሁለት ዓመት ተከታታይ ስምንተኛ ወጥቶ አላባረሩትም። አሁን ያለበትን እዩት።

ነምበር ዋን

አርሴናልን ተወው ወንድሜ። እነሱ ስምንተኛ ቢወጡ የሚወርዱበት የለም፣ ገንዘቡም አለ። እኛ ስንሳሳት ወደ ታች እንወርዳለን፣ ከዚያ መመለስ ዓመታት ይፈጃል። የብሬንትፎርዱ ይሻላል። እሱም ቢሆን ገንዘቡ ሌላ ነው። አሠራሩን ግን በነፃ መውሰድ እንችላለን። ሰው አስቀምጦ መጠየቅ ምን ያስከፍላል?

የለገሃሬዋ

አብዛኛውን ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን የቤተሰብ ስድብ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የተሰናበተው አሰልጣኝ ከኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ነበር የተከራየው። ቤተሰቡን ይዞ አልመጣም። ብቻውን ነበር። በሜዳችን ሦስት ለዜሮ የተሸነፍንበት ቀን፣ ማታ ሙዝ ሊገዛ ወጣ። ጥግ ላይ የምትሸጠው ሴትዮ ጋ። ወጣቶች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሁሌ የሚጮኹለት ልጆች ናቸው። አንዱም ሰላም አላለውም። እሱ «እንዴት አመሻችሁ» አለ። ዝም። ሙዙን ይዞ ቀስ ብሎ ገባ። ሴትዮዋ «ምስኪን» አለች። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ እኔም አልመለስኩለትም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

መጫወቻ ሜዳ ላይ ተናደዱ። ትኬት ከፍላችኋል። ግን ሰላምታ መከልከል የኛ የድሬ ልጆች ጠባይ አይደለም። ድሬ እንግዳ የምታቅፍ ከተማ ናት ብለን ነው ያደግነው።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። እውነቱን እንነጋገር። ምንድን ነው የምንፈልገው? ከፍተኛ ሊግ መግባት? ፕሪሚየር ሊግ? ወይስ እሑድ ሄደን የሰፈራችንን ልጅ ማየት? እኔ የራሴን ልናገር። የጎረቤቴ ልጅ ተስፋ ቡድን ውስጥ ነው፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እሱ ዋናው ቡድን ሲገባ ማየት ነው የምፈልገው። በሜዳችን በቀላሉ እንዳንሸነፍ እፈልጋለሁ። እንዳንወርድ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ ይኼ ይበቃኛል። ሦስት ዓመት ያው ከሆነ ግን እጠይቃለሁ።

እያንዳንዳችሁ እንዲህ ብላችሁ የምትጠብቁትን ብትጽፉ ቦርዱም የሚፈራው ነገር ይቀንሳል።

የሸማኔው ልጅ

ልጄ፣ ተባረኪ። ሰላምታው ላይ ያልሽው ልክ ነው። አባቶቻችን አክራ ሄዶ የተሸነፈ ቡድን ሲመለስ ለገሃር ወጥተው ነበር የተቀበሉት ሲባል ነው የሰማሁት። ባላየውም አምናለሁ፤ ያኔ የነበረውን ሰው አውቀዋለሁና።

ሳቢያን 04

የኔ፦ አለመውረድ። ከተስፋ ቡድን ቢያንስ ሦስት ልጅ በየጨዋታው ስም ዝርዝር ውስጥ መግባት። ከሜዳ ውጪ ስንሄድ ደግሞ ተጋድሎ ማየት፣ ቢሸነፉም። ዋንጫ አልጠየቅኩም።

ግን አንድ ነገር አልተውም። ኃላፊው ማን እንደሆነ ይነገረን። ተጫዋቹን ማን እንደመረጠ በስም ባይሆን በሥራ መደቡ ይነገረን። አሰልጣኝ ሲባረር ማስታወቂያ ይለጠፋል። መራጩ ሲሳሳት ምንም አይለጠፍም።

የሰፈር አሰልጣኝ

ይኼ ነው ትክክለኛው ጥያቄ። የኔ ደግሞ አሰልጣኝ ሰኔ ላይ ይቀጠር ነው። ወይም ቢያንስ ከመጀመሪያው የተጫዋች ፊርማ በፊት። አሁን ለሚመጣውም ቢሆን ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጨዋታችንን በቪዲዮ ይይ። ሞባይል የተቀረጸም ቢሆን ይበቃል፣ እኔ ዘጠኙንም ይዣለሁ። አይቶ ምን እንደሚያስተካክል ይናገር። ከምክትሉ ጋር አንድ ቀን ይቀመጥ። ይኼን እምቢ የሚል ሰው ስሙ የፈለገውን ያህል ቢገን ለኛ አይሆንም።

መጋላ ውስጥ

ጻፉት። በደጋፊ ማኅበሩ በኩል ደብዳቤ ሆኖ ከገባ ዘመዴ ስብሰባ ላይ እንደሚያነሣው ነግሮኛል። አዲሱ ሰው ገና አልፈረመም። ማክሰኞ ነው የሚሰበሰቡት።

ደብዳቤው ውስጥ ስድብ አይኑር። ሌላው ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እኛ ምን ያህል እንደምንታገስ ይጻፍበት። ቦርዱ በሦስተኛው ሽንፈት እንደማንጮህበት ካወቀ ስም ፍለጋ አይሯሯጥም።

አፈተኢሳ በር

ዛሬ ጠዋት ረቂቁን ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው። አጭር እንዲሆን ፈልጌያለሁ፣ ረጅም ደብዳቤ ማንም አያነብም። አሰልጣኙ ከመፈረሙ በፊት በየትኛው ኳስ፣ በየትኞቹ ልጆች፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚጠበቅበት በጽሑፍ ይነገረው፣ ለኛም ይነገረን ይላል። ተጫዋች የሚመርጠው ማን እንደሆነ ይታወቅ ይላል። ምክትሉ ይጠየቅ፣ እስከ ዙሩ መጨረሻ እሱ ቢይዝ የሚለውም አማራጭ ይታይ ይላል። በመጨረሻ እኛ ደጋፊዎች ዘንድሮ የምንጠብቀው አለመውረድና የልጆቻችንን መታየት እንደሆነ፣ ለዚያም እስከ ሰኔ ድረስ እንደምንታገስ ጽፌያለሁ። ይህን የመጨረሻውን ከመፈረማችሁ በፊት ደጋግማችሁ አንብቡት። ከፈረምን በኋላ ቃል ነው።

ከዚያ ወደ ልምምድ ሄድኩ። ምክትሉ ብቻውን ነው ያሰለጠነው። ኮኖቹን የደረደሩት ሁለት የተስፋ ቡድን ልጆች ናቸው። መሃል ላይ ቆሞ አይጮህም፣ እየሄደ አጠገባቸው ነው የሚያናግራቸው። ሁሉንም በስማቸው ነው የሚጠራው። አሥሩን ቁጥር እጁን ይዞ ከመስመሩ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ አስገባው፣ «እዚህ ቁም፣ ከዚህ አትውጣ» አለው። ልጁ ዞሮ ግቡን አየና ራሱን ነቀነቀ።

ሳቢያን 04

የት ነው የሚፈረመው?

አፈተኢሳ በር

ቅዳሜ፣ ከጨዋታው አንድ ሰዓት በፊት፣ የስታዲየሙ ግራ በር ላይ። ሃምሳ ኮፒ አነሣለሁ። ስክሪብቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

የለገሃሬዋ

እኔ ጠረጴዛ አመጣለሁ። የአሰልጣኙን ስልክ ከአከራዩ ተቀብያለሁ፣ ዛሬ ማታ ደውዬ ሰላም እለዋለሁ።